የባለጭልፋዋ ዱቄት

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ምሳቸውን የምታበስልላቸውን ሴት በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ባለጭልፋዋ ነው የሚሏት። ካፍቴሪያው ውስጥ እሷ በጭልፋ ቀምሳ «ይውጣ» ሳትል የሚወጣ ድስት የለም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥ ጉዳይዋ አይደለም። ድስቱ ደግሞ ብዙ ነው፤ ጭልፋውም እንደ ድስቱ። ከዚያ ሁሉ ቅምሻ በኋላ በምድጃዎቹ መካከል በጎን ካልሆነ ማለፍ ቢያቅታት ማንም አልገረመውም። እሷም አልተጨነቀችበትም። «ቀጭን አብሳይ ማን ያምናል?» ትል ነበር አፏን ሞልታ።

የተጨነቀችው የታናሽ ወንድሟ ኩላሊት ሥራ ሲያቆም ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ እሷ ያሳደገችው፣ ትዳር ይቅርብኝ ብሎ እሷው ቤት የቀረ ፀጉር አስተካካይ ነው። ተመረመረች፤ ኩላሊቷ ሆነለት። «እንግዲያው ዛሬውኑ አውጡና ስጡት» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዶክተሩ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ክብደትዎ ቢላ አላሳርፍብዎትም። ቀዶ ጥገናው ያሰጋዎታል፤ ከዚያም በኋላ በአንድ ኩላሊት መኖር አለ። መጀመሪያ ይቀንሱ።»

ያዘዘላት በምግብ ፋንታ የሚጠጣ ዱቄት ነው። በውሃ ይበጠበጣል፤ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም እሱ ነው። በየጊዜው እየሄደች ትመዘናለች፣ ደሟም ይታያል። ቆርቆሮው ላይ ቫኒላ ይላል። ቫኒላ ይሁን ኖራ እግዜር ይወቀው።

ወንድሟ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አፍንጫዋን ይዛ ስትጨልጠው አየና በሳቅ ፍርስ አለ።

«እትዬ፣ ጉዳችንን አየሽ? አንቺ ዱቄት ትጠጫለሽ፣ እኔን ደግሞ የደም ማጠቢያው ማሽን ይጠጣኛል።»

«ዝም በል፣ አንተ ጉደኛ!» አለችው። ከዚያ ግን አብራው ሳቀች።

ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ጭልፋውን ለዕቃ አጣቢዋ አስረከበች። «አንቺ ቅመሺና ንገሪኝ» አለቻት፤ አንድ ጭልፋ ከቀመሰች ሁለተኛውን እንደማታልፈው ራሷን ታውቃለቻ። ቤት ስትገባ ለወንድሟ ለብቻው ታበስላለች፤ እሱም ጨው ተከልክሏል። እሱ ጨው የሌለውን ሾርባውን እያየ ፊቱን ያጨማድዳል፣ እሷ ብርጭቆዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ረሃቡ አንጀቷን ያንገበግባት ነበር። ኋላ ረሃቡም ተዋት። ቀሚሷ ሲሰፋ ሰው ሁሉ «አማረብሽ፣ ልጅ ሆንሽ እኮ» ይላታል። ሰውን ምን ቸገረው! የምትሮጠው ወንድሟ ሳይደክምባት እዚያ ዶክተሩ ያላት ክብደት ላይ ለመድረስ ነበር።

ጥቂት ሲቀራት ወንድሟን ኢንፌክሽን ያዘው። ሆስፒታል ገባ፣ አልወጣም።

አላለቀሰችም። ሰዎች ልቧ ደነደነ አሉ፤ ልቧ የት እንዳለ እሷም አታውቅም። በተቀበረ በማግስቱ ተነሥታ ዱቄቱን በጠበጠች፣ ጠጣች። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ለማን ብላ እንደምትጠጣ የጠየቃት የለም። ምግብ ሲያቀርቡላት አየት ታደርገውና ቆርቆሮዋን ትከፍታለች።

የመመዘኛዋ ቀን ሲደርስም ሄደች። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ነርሷ ለቦታው አዲስ ናት፣ የሰማችው ነገር የለም። ሚዛኑን አየችና አጨበጨበች።

«እናቴ፣ ደረሱ እኮ! ዶክተሩ ያሉት ላይ ደረሱ! ወንድምዎ ሲሰማ እንዴት ደስ ይለው!»

«እነግረዋለሁ» አለች ባለጭልፋዋ። ጫማዋን አጠለቀችና በአውቶቡስ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የዚያን ቀን ሾርባውን ራሷ ሠራችው። ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ካሮቱንና ድንቹን ጨመረች፣ ውሃውን መጠነች። እጇ ሥራውን ያውቃል፤ እሷ እዚያ ባትኖርም ይሠራል። ሲበስል ጭልፋውን ለዕቃ አጣቢዋ አቀበለቻት። ዕቃ አጣቢዋ ቀመሰች። አላመነችምና ደግማ ቀመሰች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ጨው የለውም።»

«ታዲያ ጨው ይፈቀድለታል እንዴ?» አለች ባለጭልፋዋ ቆጣ ብላ።

ዕቃ አጣቢዋ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ከመስኮቱ ወዲያ ሠራተኞቹ ትሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ በማንኪያ ያንኳኳል። ባለጭልፋዋ ሰልፉን አየችው፣ ከዚያ ድስቱን። ለአንድ ሰው የሚበስል ድስት አልነበረም።

«እስቲ አምጪው» አለች።

ከስንት ጊዜ በኋላ ቀመሰች። ውሃ ውሃ ይላል። ለካ እሱ ማታ ማታ ይህን ነው ሲውጥ የከረመው። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታየው ኖረች እንጂ አንድ ቀን እንኳ አብራው አልቀመሰችለትም። ሁለተኛ ቀዳች። ሦስተኛ ቀዳች። እዚያው ምድጃው ጥግ ቆማ፣ ጨው ሳትነካበት እየደጋገመች ጠጣችው። ርቧት ነበር፣ ክፉኛ ርቧት ነበር። በመስኮቱ የሚንኳኳው ማንኪያ በዛ፤ ዕቃ አጣቢዋ ዞር ብላ «ትንሽ ብትታገሡ ምን አለበት!» ብላ ጮኸችባቸው።

ከዚያ ባለጭልፋዋ የጨው ዕቃውን ሳበች፣ እንደ ድሮዋ በእፍኟ እየዘገነች ጨመረች፣ አማሰለች፣ ቀመሰች። «ይውጣ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምጿ ግን እምቢ አላት። እያየቻት «ይውጣ» ያለችላት ዕቃ አጣቢዋ ናት።