አክስቴ ያሟሸችልኝ ሸክላ

ለኤግዚቢሽን ዳኞች የማቀርበውን የሸክላ ቅርጽ ከአንጋጫ ሆሳዕና ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነው የመጣሁት። ቀይ ገጹን በጠጠር አሽቼ ለማለስለስ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መናኸሪያው አጠገብ አክስቴ ቤት አስቀምጬው ፎርም ልሞላ ሄድኩ።

ስመለስ ምድጃ ላይ ተጥዷል! አክስቴ በጎመንዘር እያሸች ከሰል አስመስላዋለች።

«አክስቴ፣ ምን አደረግሽው?»

«አሟሸሁልሃ!» አለችኝ ላቧን እየጠረገች። «ያልተሟሸ ሸክላ ይዞ ሰው ፊት ይቀረባል እንዴ?»

የማስረከቢያው ሰዓት ሊያልፍ ስለነበር ትኩሱን በጋቢ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ሦስቱ ዳኞች ከበቡት። አንዱ፣ ባለመነጽሩ፣ ዳበሱት፤ አሸተቱት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አሸተቱት።

«ይሄን ጥቁረት በምን አመጣኸው?»

«አክስቴ ናት» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «አሟሽታው ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሦስቱም ጻፉ። በቃ፣ ልፋቴ ገደል ገባ ብዬ ወደ አክስቴ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ። ባለመነጽሩ ዳኛ፣ አድራሻዬን ከፎርሙ ላይ አግኝተው፣ ሁለት ትልልቅ የሸክላ አበባ ማስቀመጫ ታቅፈው ቆመዋል።

«አለፈ?» አልኳቸው ሰላምታውን እንኳ ረስቼ።

«እሱማ አልፏል» አሉኝ፣ በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ እያዩ። «አክስትህ አሉ?»