አፍ የሌላትን ልጅ ሙግት እንዳስተማርኳት

ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ጀርመንኛውን ከሬዲዮና ከመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ለቀምኩት። እዚህ ጀርመን፣ ዚንድሊንገን በሚባል ሰፈር ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ስሠራ ፓምፕ ሲታመም በጆሮዬ አዳምጬ በሽታውን የምናገር እኔ ነበርኩ። ዛሬ እዚያው ከተማ ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ የቴሌቪዥኑ ማማ ሥር፣ ጡረታዬን እየበላሁ እኖራለሁ። እንደኔ ያለ ሽማግሌ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ስለዚህ የማኅበራችን ወጣቶች ለሀበሻ ተማሪዎች መካሪ ሲፈልጉ ወደ እኔ መምጣታቸው አላስገረመኝም። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ተማሪ ለአንድ ትልቅ ሰው ይሰጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ፤ በፋሲካ ዕረፍት ደግሞ ሁሉም ተሰብስበው ታውኑስ ተራራ ላይ ካምፕ ይወጣሉ።

ለእኔ የደረሰችኝ አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ ነበረች። እናቷ አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ትሠራለች። መጀመሪያ ቀን ልጅቷን ይዛ መጣችና በኩራት፣ «ጋሼ፣ ይቺ ልጄ ጨዋ ናት፤ አፍ የላትም» አለችኝ።

ችግሩም እሱ ነበር። ልጅቷ በጽሑፍ ፈተና አንደኛ ናት። ግን እዚህ አገር ከማርኩ ግማሽ የሚሆነው በክፍል ውስጥ እጅ አውጥቶ በመናገር የሚገኝ ነው፤ «ሙንድሊሽ» ይሉታል። በዚያ ባዶ ነበረች። አስተማሪዋ፣ ይህ ካልተሻሻለ ወደ ኦበርሽቱፈ፣ ማለት ዩኒቨርሲቲ ወደሚያስገባው ክፍል፣ እንደማታልፍ ነግሯታል። እሷ ደግሞ ምኞቷ ሪድበርግ ያለው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ማጥናት ነው። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ጨዋነት ነው፤ እዚያ ግን እንደ አለማወቅ ይቆጠርባታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንዴት መናገር እንዳለባት አስረዳኋት። ስለ ፓምፖቹ ነገርኳት፤ አለቃዬን እንዴት አፉን እንዳስያዝኩት ነገርኳት። እሷም አንገቷን ደፍታ በጥሞና አዳመጠችኝ። እንደሷ ያለ አድማጭ ገጥሞኝ አያውቅም። እስከ ፋሲካ ድረስ ከአፏ የወጣው «እሺ አባባ» ብቻ ነበር።

ካምፑ ላይ በሁለተኛው ቀን የጫካ ጉዞ ወጣን። ልጆቹ ስልካቸውን ሲያወጡ፣ «እኔ እያለሁ ስልክ ምን ያደርጋል!» ብዬ ፊት ፊት ሄድኩ። ካርታውን ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ወግ ነውና። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ጫካ ውስጥ አቅጣጫ በድንጋይ ሽበት እንዴት እንደሚነበብ እያስረዳሁ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ወረደ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ መንገዱ አንድ የፈረስ በረት ጀርባ፣ የፍግ ክምር ሥር አለቀ። ፈረሶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው አዩን።

ልጅቷ ከኋላዬ በቀስታ፣ «አባባ፣ መንገዱ የቀኙ ነበር» አለች።

«መቼ አወቅሽ?»

«መገንጠያው ላይ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ እየተናገሩ ነበራ።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ውኃው ከባርኔጣዬ እየተንጠባጠበ ቆሜ አሰብኩ። ምክር የዚችን ልጅ ዝምታ የሚያበዛ ነው። የሚያስፈልጋት ተከሳሽ ነው።

ተመልሰን ደረቅ ልብስ ከለበስንና እራት ከበላን በኋላ በካምፑ አዳራሽ ወንበሮቹን በክብ አስደረደርኩ። ልጅ ሆኜ ዛፍ ሥር የተሰየመ ችሎት አይቻለሁ። ተሟጋች ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን እየወዘወዘ፣ ነገሩን በግጥም እያዋዛ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ባላጋራው «ልጠየቅ!» ብሎ ይቀበላል። ይህን አሳየኋቸው። አንዱ ጎረምሳ የሾርባ ጭልፋ ይዞ ዳኛ ሆነ። እኔ ተከሳሽ ሆንኩ። ለእሷ የአልጋ ብርድ ልብስ አጣፋሁላትና መጥረጊያ አስያዝኳት።

«በይ፣ ክሰሺኝ።»

«አልችልም አባባ። ነውር ነው።»

«ችሎት ላይ ዝም ማለት ነው ነውሩ። ዝም ያለ ተረታ።»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ልጆቹ «በያ! በያ!» ይላሉ በጀርመንኛና በአማርኛ እየቀላቀሉ። ድንገት በመጥረጊያው እጀታ ወለሉን መታች።

«ይጠየቁ አባባ!»

«ልጠየቅ!»

«ካርታው በእጄ ነበር፣ መንገዱም በቀኝ፣
መሪው ግራ ዞሮ በዝናብ አስመታኝ!»

አዳራሹ ተናጋ። እኔ ቀላል ተከሳሽ አይደለሁም፤ ተነሥቼ፣ «ክቡር ዳኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለውን ጫካ—» ስል፣

«ይቅርታ፣ ጫካው ምን አደረገ? ምልክቱ ዛፉ ላይ ቢጫ ተቀብቶ ነበር!» ብላ አቋረጠችኝ። አቋረጠችኝ! ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት። ስለ ፍጉ፣ ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ ረጠበው ካልሲ እያነሣች በላዬ ላይ ወረደችብኝ። ጭልፋው ተመታ፤ ተረታሁ፤ የሁሉንም ሳህን እንዳጥብ ተፈረደብኝ። እንደዚያን ዕለት እየዘፈንኩ ሳህን አጥቤ አላውቅም።

ዕረፍቱ አልቆ ትምህርት ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ እናቷ ደወለች። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ቴርሚን ሰጡኝ፤ ቀን ቆርጠው ነይ አሉኝ። ምን አጥፍታ ይሆን? ይምጡና ያስተርጉሙልኝ።»

ሄድን። አስተማሪዋ ረጅም፣ ደስተኛ ሰው ነው። ሰሌዳ ላይ የጻፈውን አንድ ቀመር ልጅቷ ተነሥታ ልክ አይደለም እንዳለችው፣ ሊያስረዳ ሲጀምርም እንዳቋረጠችው ነገረን። ይህን ስተረጉም እናትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አስተማሪዋን አቋረጠች? ወይኔ! ይቅርታ ያድርግልን ይበሉልኝ ጋሼ፣ ሁለተኛ አይለምዳትም፣ እኔ እቀጣታለሁ—»

«ቆይ፣ አልጨረሰም። ክፍሉ በሙሉ ተከራከረ፤ እሷም ልክ ነበረች ነው የሚለው። የአፍ ማርኳ በጣም ተሻሽሏል። ወደ ኦበርሽቱፈ ታልፋለች።»

እናትየዋ አስተማሪውን አየችው፤ እኔን አየችኝ። «ስታቋርጠው ደስ አለው?»

«ደስ አለው።»

«ጉድ እኮ ነው የዚህ አገር ነገር!» አለችና እያለቀሰች ሳቀች።

ከመሬት በታች ባለው ባቡር ስንመለስ ልጅቷ ፊት ለፊታችን ተቀመጠች። እኔም ለእናቷ ሁሉንም ከሥሩ አወራሁላት፤ የእኔ ዘዴ ባይኖር ይህ ቀን እንደማይመጣ፣ ብልህ መካሪ ተማሪውን እንዴት እንደሚፈትን። «ለምሳሌ መገንጠያው ላይ» አልኳት፣ «ትናገር እንደሆን ልያት ብዬ ሆን ብዬ ወደ ግራ—»

«ይጠየቁ አባባ!»

ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። እናትየዋ «ዝም በይ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ግን ተወችውና ወደ እኔ ዞራ መልሴን ጠበቀች።

«ልጠየቅ!» አልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ።