ዛትስ ጉድ

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ያረምኩት የድርሰት ደብተር ቢደረደር ከክፍሉ ጣሪያ ይደርሳል፤ አሥር ከአሥር ያገኘ ግን አንድም የለም። ተማሪዎቼ «እሷ ለራሷም አሥር ከአሥር አትሰጥም» እያሉ እንደሚያሙኝ አውቅ ነበር። ሐሜቱ እውነት ስለሆነ አልተቀየምኳቸውም። ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስመጣ ታዲያ ጌታ ራሱ ሳይስቅብኝ አልቀረም፤ በኮከብ የምትታረም ሴት ሆንኩ። ያውም ከአምስት።

አራሚዎቼ የቡሪቶ ደንበኞች ናቸው። የምሠራው ሲታክ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ ቡሪቶ ቤት ነው። ቡሪቶን ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ሰፊና ስስ የስንዴ ቂጣ ይዘረጋል፤ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሥጋ፣ የእኛ ስልስ ዘመድ የሆነው ሳልሳ ይደረግበታል፤ ከዚያ እንደ አራስ ልጅ ይጠቀለልና በፎይል ይሸፈናል። ደንበኛው ከመስታወቱ ወዲያ እየተራመደ ይሄን ጨምሪ ያንን ተዪ ይላል፤ እኛ ከወዲህ ጭልፋ ይዘን እንከተለዋለን። የቤቱ ባለቤትና አለቃዬ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከሜክሲኮ የመጣች ሴት ናት። ከእሷ ጋር እስክተዋወቅ ድረስ ሜክሲኮ ሲባል እኔ የማውቀው ታክሲ የምቀይርበትን አደባባይ ነበር።

አለቃዬ አንድ ልማድ አላት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ደንበኞች ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን አስተያየት በሙሉ በወረቀት አውጥታ የትልቁ ፍሪጅ በር ላይ ትለጥፋለች። ሙገሳውንም ስድቡንም አትመርጥም። ቲማቲም ሊያወጣ የሄደ ሁሉ ቆሞ ያነበዋል። መጀመሪያ ላይ ሥራዬ ከኋላ ዕቃ ማጠብ ስለነበር ፍሪጁ ጎረቤቴ ነበር፤ በስልኬ መዝገበ ቃላት እየተረዳሁ ያንን ወረቀት እንደ ተማሪ ድርሰት አርመው ጀመር።

ጉደኛ ጸሐፊዎች ነበሩ። አንዱ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ተመልሶ ሄዷል፤ ምግቡን ሳይቀምስ አንድ ኮከብ ሰጠን። ማስረጃ የሌለው ድርሰት ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። ሌላው አምስት ኮከብ ሰጥቶ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ቡሪቶ» ይላል፣ አራት ነጥብ። መግቢያ የለው፣ ሐተታ የለው፣ መደምደሚያ የለው፤ ግን ሳስበው ምንም አልጎደለውም። አንዲት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ከአሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ወርዳ አረንጓዴውን ሳልሳ ስትቀምስ እንባዋ እንደመጣ ጽፋለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ጠረጴዛዎቹ ይነቃነቃሉ፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ወንበሩ ይቆረቁራል ብሎ ሲያበቃ፣ መጨረሻ ላይ «በየቀኑ ነው የምመጣው» ይላል። አንድ የአገራችን ታክሲ ነጂም ቦሎቄው በዘይት እንጂ በስብ እንደማይሠራ ጠይቆ ማረጋገጡን ለጾመኞች ሁሉ አብስሯል። ያን ሳምንት ከሰልፉ ግማሹ ሐበሻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ምስጋናው ይገባዋል። አለቃዬ ቦሎቄውን በየጠዋቱ ራሷ ትቀምሳለች፤ ካልጣማት ድስቱን እንዳለ ትደፋለች። አብራሪውና ቀን ሠራተኛው አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት መርቼ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ከኋላ በሆንኩ በአምስተኛው ወር ባንኮኒ ላይ የምትቆመው ልጅ ሬድመንድ በሚባል ከተማ ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች። አለቃዬ ጠራችኝና «እስከ ወሩ መጨረሻ ባንኮኒው ላይ ትሞክሪያለሽ። ደንበኛ ከወደደሽ ትቀሪያለሽ፤ ካልወደደሽ ወደ ዕቃው ትመለሻለሽ» አለችኝ። ዕቃ ማጠብን ንቄ አይደለም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ፊት የቆመች ሴት አምስት ወር ግድግዳ ፊት ስትቆም ምን እንደምትሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ድምፄ እየጠፋ ነበር። ያንን ባንኮኒ እንደ ጥቁር ሰሌዳዬ ፈለግሁት።

ለዚህም ነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለኝን ሁሉ የሰጠሁት። ሩዙን በጭልፋ እጨልፋለሁ፤ ደንበኛው «ዛትስ ጉድ!» ይለኛል። ጉድ ማለት ጥሩ ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ጥሩ ነው ካለኝማ ብዬ እጨምርለታለሁ። አሁንም «ዛትስ ጉድ፣ ዛትስ ጉድ!» ይላል። እንዴት ያለ አመስጋኝ ሕዝብ ነው እያልኩ እደግመዋለሁ። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ሊያስቆመኝ ሲሞክር ይሉኝታ ይዞት ነው እልና ቦሎቄውን አበዛለታለሁ። ቡሪቶው አልጠቀለል ብሎ ስታገል አብረውኝ የሚሠሩት ዘወር ብለው ይስቃሉ። በሥራዬ ተደስተው መስሎኝ እኔም እስቃለሁ።

ከእነዚያ ደንበኞች አንዱ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ፓርኪንግ ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ያገራችን ሰው ናቸው፤ እዚያው ሲታክ አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። መጀመሪያ ቀን አየት አደረጉኝና «ሐበሻ ነሽ መሰለኝ፤ እንደምን ነሽ ልጄ?» አሉኝ። እኔም «ደኅና ነኝ፤ እርስዎ እንደምን ነዎት ጋሼ?» አልኳቸው። ሰላምታችን በአማርኛ ይሁን እንጂ ጭልፋው ጋ ሲደርሱ እሳቸውም እንደ ሰልፉ ሁሉ «ዛትስ ጉድ» ነው የሚሉት። ስጨምርላቸው «ኧረ ተይ!» ብለው ይስቁና መስኮቱ አጠገብ ያለችው የምትነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንድ ፍሬ ሩዝ ሳያስቀሩ ይበላሉ።

በሁለተኛው ሰኞ ፍሪጁ በር ላይ እኔን የሚመለከት ሁለት አስተያየት ወጣ። አንዱ «አዲሷ ሴትዮ እጇ አይሰስትም፤ ቡሪቶው የጫማ ካርቶን ያክላል» ብሎ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ሁለተኛው ሁለት ኮከብ ነው። «ሦስት ጊዜ በቃኝ አልኳት፤ ሦስት ጊዜ ጨመረችልኝ። መኪናዬ ውስጥ ፈነዳብኝ» ይላል። አለቃዬ ይህኛውን በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። እኔን በቀይ! በዚያ ላይ ስሟ ያለ አግባብ የጠፋ ሴት ነበርኩ፤ ማንም በቃኝ ብሎኝ አያውቅማ።

ሠራተኞችን ወደ ሬድመንድ የሚያመላልስ አውቶቡስ የሚነዳ ታናሽ ወንድም አለኝ። የዚያን ቀን ከሥራ ሊወስደኝ ሲመጣ እያለቀስኩ መኪና ውስጥ ገባሁ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ሰው በሐሰት መሰከረብኝ» ብዬ የወረቀቱን ነገር ነገርኩት።

«ሶ፣ ሰውዬው ጭልፋውን ስታነሺ ምን ነበር ያለሽ?»

«ዛትስ ጉድ ነዋ ያለኝ! ጥሩ ነው ካለኝ ጨመርኩለት፤ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ መንገድ ዳር ወጥቶ መኪናውን ፓርክ አደረገ። መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው።

«እትዬ፣ እሱ እኮ በቃኝ ማለት ነው! ስቶፕ! ኢናፍ!»

«ጉድ ማለት ጥሩ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ኦኬ፣ ነው፤ ጭልፋ ይዘሽበት ስትቆሚ ግን በቃኝ ነው።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ሁሉ ሕዝብ በግድ ሳበላ ነበር። የዘረጉት እጅ ሁሉ በዓይኔ መጣብኝ። ይሉኝታ ያልኩት ልመና ኖሯል። ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ቢከን ሂል፣ ሰፈራችን እስክንደርስ አልገለጥኩም።

በማግስቱ ሌላ ሴት ሆኜ ገባሁ። «ዛትስ…» ሲሉኝ ጭልፋዬ አየር ላይ ይቆማል፤ «ጉድ»ን እንኳ አልጠብቅም። ቡሪቶዎቼ ልክ ልካቸውን ሆኑ፣ እጥፋታቸው አማረ፣ ሰልፉ ፈጠነ። በሚቀጥለው ሰኞ ስለ እኔ ክፉ የጻፈ አልነበረም፤ ደግ የጻፈም አልነበረም። አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ አለፈች። ሥራው ገባኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ቀርተው የነበሩት ጋሼ በዚህኛው ሐሙስ መጡ። ሩዙ ላይ «ዛትስ ጉድ» አሉ፤ ወዲያው አቆምኩ። ቦሎቄው ላይ «ዛትስ ጉድ» አሉ፤ አቆምኩ። ጭልፋዬን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የሚሉትን ያውቃሉ ብዬ አክብሬ ጠቀለልኩላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቀጭኗን ቡሪቶ ይዘው ሄዱ። የዚያን ቀን መስኮቱ ጋ አልተቀመጡም።

የወሩ መጨረሻ ሰኞ፣ ዕጣዬ የሚወጣበት ቀን ማለት ነው፣ አለቃዬ ወረቀቶቹን ፍሪጁ ላይ ሳትለጥፍ ይዛ ወደ እኔ መጣች። አንዱን ለየችና «ይህ ያንቺ ቋንቋ ነው አይደል? ሦስት ኮከብ ነው። ምን ይላል?» አለችኝ። አየሁት፤ አማርኛ ነው። ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ወረቀት መካከል የኛ ፊደል ቁጭ ብሏል። እንዲህ ይላል፦

«ይህን ቤት ካወቅሁት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ቤቱ ንጹህ ነው። ቦሎቄው የሰው ቤት ቦሎቄ ነው። እመቤቲቱ ሰው ታከብራለች። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የምበላው እዚህ ነው። እዚያ የምትሠራ ያገራችን ልጅ በቃኝ ስላት ትጨምርልኝ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ብላ የሚለኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ በቃኝ አልኳት፤ አመነችኝ።»

አለቃዬ ትጠብቃለች። በዚያች ቅጽበት መዋሸት እችል ነበር። «ምግቡ ግሩም ነው፣ ሠራተኛዋም ግሩም ናት ይላል» ብላት ማን ያውቅብኛል? ግን የሰው ድርሰት ላይ የራሴን ቃል ጽፌ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም። ባለችኝ እንግሊዝኛ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ግን ተያዝኩ።

«አመነችኝ ነው የሚለው» አልኳት።

«ማመን ምን ክፋት አለው?» አለች፤ ግራ ገብቷታል።

አስረዳኋት። እኛ ጋ እንግዳ በቃኝ የሚለው ስለጠገበ አይደለም አልኳት። አንደኛው በቃኝ ለይሉኝታ ነው። ሁለተኛው አስተናጋጁ ከልቡ መሆኑን ለማየት ነው። እውነተኛው ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው በቃኝ ጭልፋውን የመለሰ ሰው፣ አትምጣብኝ እንዳለ ይቆጠራል። እኔ ይህንን እያወቅሁ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ስላሉት ብቻ ሌላ ሰው አደረግኋቸው። ይህን ስናገር ስለ ባንኮኒው ማሰብ ትቼ ነበር።

አለቃዬ ወረቀቱን አየችው፤ ማንበብ እንደማትችል እያወቀች ሁለቴ አየችው። ከዚያ «እናቴ ቤት አራተኛው ነው» አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። ስቀን ስንጨርስ «ባንኮኒው ላይ ትቀሪያለሽ» አለችኝ። ልታልፍ ስትል ዞር ብላ «አሜሪካኖቹን ግን እመኛቸው፣ እሺ?» አለች።

ወረቀቱን ራሴ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ጋሼ «ንጹሕ»ን በሃሌታው ህ ነው የጻፏት፤ ድሮ ግማሽ ማርክ እቆርጥባት ነበር። የአለቃዬን ቀይ እስክሪብቶ ተውሼ ጥግ ላይ አሥር ከአሥር ጻፍኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ ይኼኛው በኮከብ አይታረምም እያልኩ ቀለድኩ።

ሐሙስ ዕለት ይመጡ ይሆን ወይስ ተቀይመው ቀሩ እያልኩ ከጠዋት ጀምሮ በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ምሳ ሰዓት ሊያልቅ ሲል መጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ ትልቁን ቂጣ ዘረጋሁ፤ አንድ ጭልፋ ሩዝ ጨለፍኩ።

«ዛትስ ጉድ» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

«በሞቴ፣ ጋሼ!»

አሁን ቀና አሉ። ዓይናቸው ጭልፋውን ትቶ እኔ ላይ ቆመ።

«ኧረ ልጄ፣ በእውነት በቃኝ።»

አላመንኳቸውም።