የሸዋ ሮቢቷ ቀማሚ

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ ቅመም ሻጭ ሞልቶ ነበር፤ ቀማሚ ግን ራቢዓ ብቻ ነበረች። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ የሚከራከራትም አልነበረም። ኮረሪማውን፣ አዝሙዱን፣ ድንብላሉን ለየብቻ እያመሰች፣ በእፍኟ እየመጠነች ትወቅጣለች። መጠኑን ከእናቷ ወረሰችው እንጂ ለጎረቤት አልነገረችም። "ቅመም ሆድ አይሞላም፤ የማን ቤት ወጥ እንደሆነ ግን ይናገራል" ትላለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ።

ባሏ ሷሊሕ ከአርበኞች ጋር ወደ ጣርማ በር ከወጣ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። ኋላም ሞተ የሚል ወሬ ወረደ። አማቷ ሐጂራ፣ "ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ፤ ከገበያ ቀርተሽ ዒዳሽን ተቀመጪ፤ የባል ሐዘን ወጉ ነው" አሏት። ራቢዓ ግን ወሬን ሳታጣራ የምትቀበል ሴት አይደለችም። ሬሳውን ያየ የለም፣ የቀበረው የለም። ሐጂራ የለቅሶ ቀን ቢቆርጡ፣ "እስከዚያ አንድ ነገር ካልሰማሁ እቀመጣለሁ" አለች። አፏ ደፈረ እንጂ ሆዷ ፈርቷል።

የደብረ ሲናዋ የሺ ገብስ ይዛ ቆላ እየወረደች፣ ስትመለስ ለአርበኞቹ ስንቅ ደብቃ ታደርስ ነበር። ራቢዓ በቅመሟ ያጣፈጠችውን ሽሮ አስያዘቻትና፣ "የማን እንደሆነ ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ለሁሉም ይሠራላቸው። የሚያውቀው ካለ ያውቀዋል" አለቻት።

የለቅሶው ቀን ደረሰ። ግቢው በሴቶች ሞልቶ ሳለ የሺ ላቧን ሳትጠርግ ገብታ ራቢዓን ወደ ጓዳ ሳበቻት።

"ሽሮሽን ሁሉም አሞገሰው" አለቻት። "እግሩ የቆሰለ አንድ ሰውዬ ብቻ ጉርሻውን ይዞ ቀረና፣ 'ይህ የሚስቴ እጅ ነው፤ ጥምዙን ግን ምን በላው?' አለ።"

ራቢዓ የየሺን ክንድ ያዝ አደረገች። እውነት ነው፤ ጥምዝ የሚባለውን ቅመም የሚያመጣው ነጋዴ መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ፣ ነጭ አዝሙዱን ከፍ አድርጋ ጉድለቱን ሸፍና ነበር። ገበያው በሙሉ አልነቃባትም። ያን የሚለይ ምላስ የሷሊሕ ብቻ ነው።

"አልሐምዱሊላህ! ከሞት ተርፎ ደግሞ ወጥ ያማርጣል!" አለች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። በባሏም በእጇም ኮራች።

ጆሮ ጠቢ አይጠፋምና ወሬውን በአደባባይ አላወጣችውም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ሙቀጫውን ከለቀስተኛው መሀል ተከለችና ዘነዘናውን ለሐጂራ አስያዘቻቸው። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"እማማ፣ እንባዎን ያብሱ፤ ልጅዎን ርቦታል።"