ያቃናሁት የስኪ ፎርማ

ልጄ የነርሲንግ ትምህርቷን አቋርጣ ዳውንታውን ዴንቨር የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ የሚጠገንበት ሱቅ ስትቀጠር፣ ሰባት ወር ያህል በቅጡ አልተነጋገርንም። እናቷ በስልክ ታገኛታለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማልሰማ እመስላለሁ። «በሁለት ጣውላ ላይ ለመንሸራተት ነው ይሄን ሁሉ ያስተማርናት?» ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም ሰምታዋለች።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ኦሮራ ወዳለው ቤታችን መጥታ «አባዬ፣ ሄልፕ ታደርገኛለህ?» ስትለኝ ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን አኮሳተርኩ። የራሷን ስኪ ልትሠራ ነው። ጥሩ ጥንድ ሠርታ ካሳየችው የሱቁ ባለቤት ከጥገና አውጥቶ ስኪ ሠሪ ሊያደርጋት ቃል ገብቶላታል። ስኪ ለካ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም፤ ቀጭን እንጨትና ፋይበርግላስ በኮላ ተደራርቦ በታችኛውና በላይኛው የእንጨት ፎርማ መሐል ይጨመቃል፤ ሲደርቅ የፎርማውን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። እሷም ስንት ጊዜ ቢጨመቅበት የማይጣመም ፎርማ ነበር የፈለገችው።

እኔ ዛሬ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የማነሳ ሰው ልሁን እንጂ፣ አዲስ አበባ ሳለሁ በርና መስኮት የምሠራ አናጢ ነበርኩ። ጋራዡን አጸዳን፤ ወፍራም ኮምፔንሳቶ መረጥን። ፎርማው የሚሠራው ጎድን የምንላቸው ብዙ ረጃጅም የኮምፔንሳቶ ቁራጮች ጎን ለጎን በኮላና በረጅም ብሎን ተያይዘው ነው። መጀመሪያ አንዱ ጎድን በሥዕሉ ልክ ይቆረጣል፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ይቀዳሉ። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

ሥዕሉን በብዙ ወረቀት ፕሪንት አድርጋ በፕላስተር አያይዛዋለች። «እንዳለ ተከተለው፣ ኦኬ?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ስትል «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ቀለድኩባት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀችልኝ።

ከሄደች በኋላ ሥዕሉን ሳየው መሐሉ ትንሽ ጎብጧል፤ የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ወረቀቱ ሲያያዝ የተዛነፈ መሰለኝ። ሙያውን ያስተማረኝ አለቃዬ የጎበጠ ጣውላ ካገኘብኝ ጆሮዬን ይጠመዝዘው ነበር፤ ዕድሜዬን በሙሉ የተጣመመ ሳቃና ኖሬያለሁ። መላጊያዬን አነሳሁና የመጀመሪያውን ጎድን ቀጥ አደረግኩት። ሌሎቹን ሁሉ ከእሱ ቀዳሁ። ለእሷም አልነገርኳት፤ የልጄን ስህተት በዝምታ ማረም አባትነት መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥንድ ተጨምቆ ሲደርቅ ልጄ አንዱን ስኪ ጋራዡ ወለል ላይ አስቀምጣ፣ ጉንጯ ሲሚንቶውን እስኪነካ አጎንብሳ ከስሩ ብርሃን ፈለገች። ብርሃን የለም። ስኪ ባዶውን ሲቀመጥ መሐሉ ከፍ ማለት እንዳለበት፣ ሰው ሲቆምበት ተጭኖ ሁለቱን ጫፎች በረዶው ላይ እንደሚያጸና ያኔ ነገረችኝ። እኔ ያቃናሁት ያንኑ ጉብታ ነበር።

«ልኬቱን ሚስ አድርጌው ይሆናል እንዴ?» አለችኝ።

«ይሆናል» አልኳት።

እንዲያም ሆኖ ተራራ ወጥታ ሞከረቻቸው። ደረቁን በረዶ አልይዝ ብለዋት ወድቃ፣ እያነከሰች ተመለሰች። የሱቁ ባለቤትም ስኪዎቹን አይቶ «ለጊዜው ጥገናው ላይ ቆዪ» አላት። በሳምንቱ እናቷ ጋ ደውላ «ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ወደ ነርሲንጉ እመለሳለሁ» አለቻት። ባለቤቴ «ጸሎቴ ተሰማ» ብላ አለቀሰች። እኔም አሜን አልኩ። የፈለግሁት በገዛ ጥፋቴ ተፈጸመልኝ፤ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ልንገራት እያልኩ ስልኩን አንስቼ ስንቴ መልሼ አስቀመጥኩት። አባቴ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ግን ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን የበደለው ሰው ደጅ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲቆም አይቻለሁ። የተበደለው «ይቅር ብዬሃለሁ» እስኪለው ድረስ አያወርድም።

ሥዕሏ ጋራዡ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከነጉብታው፣ መስመር ሳልስት፣ ሁለቱንም ፎርማ እንደገና ሠራሁ። ቅዳሜ ጠዋት የታችኛውን መኪናዬ ጣሪያ ላይ አስሬ ኢስት ኮልፋክስ አጠገብ ወዳለው አፓርታማዋ ሄድኩ። ፓርክ አድርጌ፣ ፎርማውን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ፣ ሁለተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ።

በሩን ከፍታ ደነገጠች። «አባዬ! ዋት? አስቀምጠው፣ ወገብህን!»

«ይቅር እስክትዪኝ አላስቀምጥም» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ልማዱን አታውቀውም፤ ነገሩ ግን ገብቷታል።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ወለሉ ላይ አጎንብሰሽ ብርሃን የፈለግሽ ቀን።»

«እና ይሆናል አልከኝ።»

«አዎ።»

ወደ ውስጥ ገባች። በሩን የምትዘጋብኝ መስሎኝ ነበር፤ ረጅም የብረት ማስመሪያ ይዛ ተመለሰች። ፎርማው ትከሻዬ ላይ እንዳለ ማስመሪያውን ጋደም አድርጋ በአንዱ ጎን፣ ከዚያ በሌላው ጎን ጉብታውን ለካች። 

«ልክ ነው» አለች። ድምፅዋ አልለዘበም። አንዱን ጫፍ ያዘችልኝና ተጋግዘን አስገባነው።

ወደ ነርሲንጉ አልተመለሰችም። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዣችን እየመጣች በዚያ ፎርማ ትጨምቃለች፤ አብረን እንሠራለን፣ እንስቃለንም። ይቅር የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አልሰማሁትም። እጄ የነካውን እንጨት ሁሉ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ሁለት ጊዜ ትለካዋለች።