ትል የሞተበት ውሃ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ጭሮ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሀያት የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድራ ጠበቀችኝ።

ለሳይንስ አውደ ርዕዩ ነው። እኔማ «እሳተ ገሞራ ሥሪ» ብያት ነበር። ኮምጣጤ፣ ሶዳ፣ ትንሽ ቀይ ቀለም... ዳኞች የሚፈላ ነገር ሲያዩ ነፍሳቸው ነው። እሷ ግን ችክ አለች።

«የቤታችንን ውሃ ነው የምሞክረው ቲቸር። ዶሮዎቻችን ዝም ብለው ይሞታሉ።»

ከአንድ ቦይ ያወጣችውን የትንኝ ትል ለሦስቱም አካፍላለች። የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት ይራወጣሉ። የዝናቡ ውስጥ ያሉትም እንደዚያው። ከቤቷ ባመጣችው ውስጥ ግን አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የእናንተ ንጹህ ነው!» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀችም። «የቤታችንንም የምቀዳው ከዚሁ ከትምህርት ቤቱ ቧንቧ ነው እኮ...»

ውሃው አንድ ከሆነ የቀረው የሚቀመጥበት ዕቃ ነው።

ከሰዓት አብሬያት ቤታቸው ሄድኩ። አባቷ ጋሽ ሙሜ፣ አፌን ሳልከፍት ጣሳ ሙሉ ውሃ ዘረጉልኝ። እዚህ እንግዳ ውሃ ሳይቀምስ ጨዋታ አይጀመርም፤ አልፈልግም ማለትም ነውር ነው።

«ጠጣ ቲቸር! ደረቅ ጉሮሮ ምን ያወራል አቦ?»

ጣሳውን እንደያዝኩ ጥግ ላይ ያለውን የውሃ ጀሪካን አየሁት። የላዩ ወረቀት ተፍቋል፤ የራስ ቅሉ ሥዕል ግን በግማሽ ቀርቷል። ጫት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት የሚመጣበት ነው። አጠገቡ የሀያት ትንሽ ወንድም ቁጭ ብሎ በኩባያ ይጠጣል...

የእኔን ደፍቼ የልጁን ነጠቅኩት። ልጁ ጮኸ። የጋሽ ሙሜ ፊት ጠቆረ፤ ቤታቸው ገብቼ ያዋረድኳቸው ነው የመሰላቸው። ሥዕሉን ሳሳያቸው ግን ድምፃቸው ወረደ።

«ወላሂ በሳሙና ደጋግሜ አጥቤዋለሁ... ከገበያ ነው የገዛሁት። ሰው ሁሉ ነው የሚገዛው።»

ልጁን ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወሰድነው። አሁንም እየተከታተሉት ነው። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው።

ትናንት ጀሪካን ሻጩን ፍለጋ ገበያ ወረድኩ። መደቡ ባዶ ነው።

«ጀሪካኑ አልቋል ወንድሜ» አለኝ ሻጩ ፈገግ ብሎ። «ሐሙስ ይመጣልሃል።»