ቁስሌ እስኪደርቅ

ባለፈው ሰሞን ሳል አላስተኛ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ገና ልጅ ነርስ ጀርባዬን ልታዳምጥ ሸሚዜን ገለጥ ስታደርግ የጎኔን ጠባሳ አየችው። «ይሄ ደግሞ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ለወንድሜ ኩላሊት ሰጥቼ ነው ስላት ዓይኗ በራ። «ጀግና ነዎት! ታዲያ እሳቸው ደህና ናቸው?» ይህችን ጥያቄ ሰው ሁሉ አይስታትም። «አርፏል» አልኳት። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት፤ ጭራሽ እኔው አጽናንቻት ወጣሁ። ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት እያዘገምኩ ስወጣ ግን ያ ክረምት እንዳለ መጣብኝ።

ኪሮስ ታላቄ ነው። አበርገሌ ቆላ፣ ኒሯቅ ከተማ ያስተምር ነበር። የአበርገሌ ሙቀት መቼም የታወቀ ነው፤ ፊቱ ሲያብጥ «ሙቀቱ ነው»፣ እግሩ ሲያብጥ «መንገዱ ነው» እያለ ከረመ። ለጥምቀት ሰቆጣ ሲመጣ እማዬ ገና በር ላይ አይታው «ይሄ ልጅ ምን ሆኖብኛል!» ብላ ጮኸች። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ እያቆሙ መሆኑ ተነገረን። አባታችን ቀድሞ አርፏል፤ እማዬ ስኳር አለባት። ተመርምሬ የእኔ ተስማማለት። ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር፤ ፍርሃት የሚባል ነገር አላውቅም።

«ለአንዲት ማንኪያ ማር የምትደበድቢኝ ልጅ ኩላሊት ትሰጪኛለሽ?» አለኝ አዲስ አበባ አልጋ ይዘን ሳለ።

«ስትድን በለስ እየላጥክ ታበላኛለህ። እሾሁን ለቅመህ!» አልኩት።

ከቀዶ ጥገናው ስነቃ ጎኔ ላይ ሰው የቆመብኝ ነው የመሰለኝ። ሊያስታምመን አብሮን የመጣው አጎቴ ግን ፊቱ በርቶ «ኩላሊትሽ ሥራ ጀመረች፤ ሽንቱ መጣ!» ሲለኝ ሕመሙን ረሳሁት። በሽንት እንዲህ የተደሰተ ቤተሰብ መቼም የለም። ከሆስፒታል ስወጣ በመስታወት በኩል አየሁት፤ አፉን ሸፍነውት ዓይኑ ብቻ ይስቃል። እጁን አነሳልኝ። እሱ ክትትል ስላለበት ከአጎቴ ጋር ቀረ፤ እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ከላሊበላ ሰቆጣ ያለውን መንገድ ትራስ ጎኔ ላይ ታቅፌ፣ በየጉድጓዱ ሹፌሩን እየረገምኩ ነው የጨረስኩት።

እማዬ ዘንድ ሰው ይበዛል ተብሎ አክስቴ ደብሬ ቤት ተኛሁ። ኧረ የዚያን ጊዜ ሕመም! ከአልጋ ለመነሳት መጀመሪያ በደህናው ጎን መንከባለል፣ ከዚያ እግርን ማውረድ፣ ከዚያ አክስቴን መጥራት። ሳል ሲመጣብኝ ትራሱን ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ። ማስነጠስማ አይወራ። ሳቅም ተከልክያለሁ፤ እኔን ደግሞ ሳቅ ከለከሉ ማለት እህል ከለከሉ ማለት ነው። አክስቴ አጥሚቱን፣ የበግ ሾርባውን፣ ውኃውን በላይ በላዩ ትግተኛለች። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያድራል፤ በመንገዱ የበለስ ሻጮች ሲጣሩ ይሰማኛል።

አንድ ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ የእድር ጡሩምባ ሰማሁ። በእኛ ዘንድ ጡሩምባ ነፊው ከነፋ በኋላ የሟቹን ስም ጠርቶ የት እንደሚቀበር ይናገራል። ያን ቀን ግን ነፋና ዝም ብሎ አለፈ።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት አክስቴን።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሾርባ እየቀዳች ነበር። «የሰቆጣ ዙሪያ ሰው ናቸው አሉ። ሽማግሌ ናቸው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። «ጨው ጨምሪበት እስቲ አክስቴ፣ የትናንቱ አልጣመኝም።»

ያ ጡሩምባ የኪሮስ ነበር። የሳንባ ምች ገብቶበት ነው። አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይጥለው የሚሰጡት መድኃኒት አቅሙን አሳንሶት ስለነበር መቋቋም አልቻለም። አስከሬኑን አጎቴ ይዞት መጣ። ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባታችን ተቀምጠው መከሩ። ቁስል ያለበት ሰው መርዶ ከሰማ በድንጋጤና በለቅሶ ቁስሉ ይፈነዳል ይባላል፤ ስለዚህ እስኪደርቅ ድረስ እንዳይነገረኝ ተወሰነ። ጡሩምባ ነፊውንም በእኛ በኩል ሲያልፍ ስም እንዳይጠራ አስጠነቀቁት። እኔ ሾርባዬን ስጠጣ ወንድሜ ከዚያው ከተማ ማዶ እየተቀበረ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂ በዛልኝ። ለካ ከለቅሶው ቤት እየወጡ ነው የሚመጡት። አክስቴ በር ላይ ቆማ የዘቀዘቁትን ነጠላ እያስተካከለች ታስገባቸው እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጉራዬን እነፋላቸዋለሁ። «ኩላሊቴ እኮ እንደ እኔ ሰነፍ አይደለችም፤ ገና ሲገጥሙለት ነው ሥራ የጀመረችው!» እላለሁ። ከኒሯቅ ባልደረቦቹ ሲመጡ «መስከረም ላይ ክፍል ይገባል፤ ረባሾቹን ለእሱ እንዳትሰጡት!» አልኳቸው። አንደኛው መምህር ብድግ ብሎ ወጣ። ምነው አኮረፈ ብዬ ታዘብኩት። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው በኽምጣንጋ ይነጋገራሉ፤ እኔ ከተማ ያደግኩ ስለሆንኩ ቋንቋውን በቅጡ አልሰማም። ሲያለቅሱ ለእኔ ያዘኑ መስሎኝ «ኧረ አልሞትኩም! ምን ሆናችኋል?» እያልኩ፣ ጎኔን ይዤ፣ የተከለከልኩትን ሳቅ እስቃለሁ።

እማዬ ማታ ማታ እየመጣች ሸሚዜን ገልጣ ቁስሌን ታያለች። በጣቷ ዙሪያውን ዳሰስ አድርጋ «ይሄ ጋ ገና ነው» ትላለች። አንድ ቀን አዲስ ሻሽ አጥብቃ አስራ መጣችና «ዘንጠሻል እማዬ! ማን አየሽና ነው?» አልኳት። ፀጉሯን ለልጇ ተላጭታ ኖሯል። ፈገግ አለችልኝ። ኪሮስ ለምን እንደማይደውል ስጠይቃት ሐኪሞቹ ስልክ ከልክለውት ነው ትለኛለች። «ኩላሊቴን ወስዶ ድምፁን ነፈገኝ! ይምጣ ብቻ፣ አሳየዋለሁ!» ስል አብራኝ ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች እግዜር ይወቅላት።

ክሩ ወጣ፤ ቁስሉ ማሳከክ ጀመረ፤ ያለ ደጋፊ ግቢውን መዞር ቻልኩ። ኪሮስ ሲመጣ ተኝቼ እንዳያገኘኝ ብዬ ለመዳን እሽቀዳደም ነበር። አንድ ቀን አክስቴ ሳታየኝ ግማሽ ባልዲ ውኃ አንስቼ ጓዳ አስገባሁ። ማታ እማዬ ስትመጣ በሩ ላይ ተቀበልኳት። «ድኛለሁ! እዪኝ፣ ውኃ ተሸክሜአለሁ!» አልኳት። ገልጣ አየችው፤ ደርቋል። ብዙ ካየችኝ በኋላ «እሰይ ልጄ» ብላ ሳትቀመጥ ተመለሰች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ከነፍስ አባታችን ጋር መጡ።

ምን እንዳሉኝ አላስታውስም፤ ጎኔን በሁለት እጄ መያዜ ብቻ ትዝ ይለኛል። ቁስሉ አልፈነዳም። እማዬ ቤት ሲወስዱኝ ድንኳኑ ተነስቷል፤ አግዳሚዎቹ ወደ እድሩ ተመልሰዋል፤ ሣሩ ብቻ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤቱ ለእኔ ሲል ዳግመኛ መጥቶ አለቀሰ፤ ግን ይታወቃል፣ እኔ ስጀምር አገሩ አልቅሶ ጨርሶ ነበር። «እንዴት አስቻለሽ?» ብዬ እናቴ ላይ ጮኽኩባት። «ሁለታችሁን በአንድ ክረምት ልቅበር?» አለችኝ።

እሷን አልተቀየምኳትም። ግን ወይ ነዶ! ፍትሐቱን ብሰማ፣ አንዲት እፍኝ አፈር ባለብሰው! ኩላሊቴ እንኳ ቀብሩ ላይ ነበረች፤ እኔ ግን አልነበርኩም። ቁስሌ ቢፈነዳ ይሰፋ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ደግሞ ልጆቼን አያለሁና እተወዋለሁ።

እማዬ ዛሬ እኔ ዘንድ ናት፤ አርጅታለች፤ ልቧም ደክሟል። አክስቴ ደብሬም ታማ ከተኛች ከራርማለች። ከጤና ጣቢያ የተመለስኩ ዕለት የእማዬን እግር እያሸሁላት ሳለ «ትርንጎ» አለችኝ።

«አቤት እማዬ።»

«ደብሬ ብትሞት ንገሪኝ። ልቧ ደካማ ነው ብለሽ እንዳትደብቂኝ። ልቅበራት።»

«እሺ።»

«እሺ አትበዪኝ። የወንድሜ አጥንት ይውጋኝ በዪና ማዪልኝ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እጇ መዳፌ ውስጥ ቅልል ብሏል። ስንት ዓመት ሙሉ የተቃጠልኩበትን፣ የራስን ሰው በጊዜው የመቅበርን ነገር ነበር የጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ መሐላው አልወጣልኝም። ጋቢዋን እግሯ ላይ ሳብ አድርጌ «ተኚ እማዬ» አልኳት።